ተረትን በአንድ ሚዛን ስለ መመዘን

የሌላውን ሕዝብ ተረት መስማት ቀላል ነው፤ የራስን ተረት መስማት ግን ከባድ ነው። ሌላው ሲተርክ እንስቃለን፣ እንደነቃለን፣ አለዚያም እንፈርዳለን። አባቶቻችን የተረኩልንን ግን ከመስማት አልፈን የምንኖርበት ስለሆነ፣ ከውጭ ቆመን ልናየው ይቸግረናል። ይህ ጽሑፍ ስለ ጥንታውያን ግሪኮች የአማልክት ተረት የሚናገር ቢሆንም ቅሉ፣ ዋና ጥያቄው ግሪኮች በምን ያምኑ ነበር የሚለው አይደለም። የሌላውን ሕዝብ ተረት ስንመረምር የያዝነውን ሚዛን፣ ወደ ገዛ ትውፊታችን በተመለስን ጊዜ ሳናጋድል የመያዝ ግዴታ አለብን ወይስ የለብንም? የሚለው ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ የትምህርት ክፍል በሐሳባችን እንመልከት። ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ብርዳማ ከተማ በደብረ ብርሃን፣ አንድ መምህር ስለ ጥንት ግሪኮች ያስተምራል እንበል። ዜውስ አባቱን ክሮኖስን ጥሎ መንግሥተ ሰማያትን እንደ ያዘ፣ በመብረቅም ጠላቶቹን እንደ ቀጣ ከተረከ በኋላ፣ «ይህ ሁሉ ተረት ነው፤ ነገር ግን የዚያን ዘመን ሰዎች አኗኗርና አስተሳሰብ ያሳየናል» ይላል። በዚህ ጊዜ አንድ ተማሪ ብድግ ብሎ፣ «መምህር፣ የከተማችን ስም ከሰማይ ከታየ ብርሃን የመጣ ነው ይባላል። ይህንንስ የምንመረምረው እንደ ዜውስ መብረቅ ነው ወይስ በሌላ መንገድ?» ብሎ ይጠይቃል።

መምህሩ ምን ይመልስ? «ይህን አትጠይቅ» ቢል፣ ምርመራ የሚባለው ነገር በሌሎች ላይ ብቻ የሚሠራ መሆኑን ያስተምራል። «ሁለቱም ተረት ነው» ብሎ ቢያልፍ ደግሞ፣ የሚያምኑትን ሰዎች ልብ በከንቱ ያቆስላል፤ ነገሩንም ሳይመረምር ይዘጋዋል። የጥያቄው ክብደት እዚህ ላይ ነው። መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የግሪኮቹን ተረት እንዴት ማጥናት እንደሚገባ ማየት ያስፈልጋል።

ከጥንት ጀምሮ ሰዎች የአማልክትን ተረት በሦስት መንገድ ሲያዩት ኖረዋል። አንዳንዶቹ ሐሰት ነው ብለው ጣሉት። ሌሎቹ የቅኔ ጌጥና የጨዋታ ማሣመሪያ አደረጉት። የቀሩት ደግሞ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ እንደ ነበረው እንደ ኤውሄሜሮስ፣ አማልክቱ ቀድሞ ታላላቅ ነገሥታት የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ተረቱም የደበዘዘ ታሪክ ነው አሉ። በሦስቱም ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። ሆኖም ከሦስቱ አንዱም፣ ይህ ሕዝብ ይህን ነገር ስለ ምን በዚህ ዓይነት ተረከው? ብሎ አይጠይቅም።

ይህን ጥያቄ አስቀድመው ካነሡት ሰዎች አንዱ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የተወለደው የቆሎፎኑ ሰው ክሴኖፋኔስ ነው። እርሱም ኢትዮጵያውያን አማልክታቸውን ጥቁሮች እንደሚያደርጉ፣ የትራቄ ሰዎች ግን ዓይናቸው ሰማያዊ፣ ጠጉራቸው ቀይ አድርገው እንደሚያስቡአቸው ተናገረ፤ እንስሶችም ሥዕል መሣል ቢችሉ ኖሮ አማልክታቸውን በየመልካቸው ይሥሉ እንደ ነበር ጨመረ። እኛ ኢትዮጵያውያን ስማችንን በዚህ ምሳሌ ውስጥ ስናገኝ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ክሴኖፋኔስ ይህን የተናገረው ባዕዳንን ለመንቀፍ አልነበረም። ይልቁንም ሆሜሮስና ሄስዮዶስ አማልክትን ሌቦችና አመንዝሮች አድርገው ስለ ተረኩ የገዛ ወገኖቹን ይወቅስ ነበር። በሌላው ላይ ያየውን በራሱም ሕዝብ ላይ አየ ማለት ነው። የሚዛን አያያዝ እንዲህ ነው።

እንግዲህ ተረት የሕዝብ መስታወት ከሆነ፣ በግሪኮች መስታወት ውስጥ ምን ይታያል? ሦስት ነገሮችን ብቻ እንመልከት።

አንደኛው የእንግዳ ክብር ነው። በግሪኮች ዘንድ ዜውስ የእንግዳና የለማኝ ጠባቂ ይባል ነበር። በኦዲሴያ ውስጥ ኦዲሴዎስ መርከቡ ተሰብሮበት ወደ ፋያክስ ሰዎች አገር በደረሰ ጊዜ፣ ማን ነህ? ከየት መጣህ? ተብሎ የሚጠየቀው ከተስተናገደና ከበላ በኋላ ነው። ይህ ለሸዋ ደገኛ እንግዳ ነገር አይደለም። መንገደኛው «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከደጅ ሲቆም፣ ባለቤቱ እግሩን አሳጥቦ፣ ካለው አብልቶ ያሳድረዋል። ከሁለቱ አንዱ ከሌላው የተማረው አይደለም። ሁለቱን ያመሳሰላቸው አኗኗራቸው ነው። ማደሪያ ቤት በሌለበት፣ የዳኛ እጅ በማይደርስበት መንገድ ላይ፣ መንገደኛን ከሞት የሚያድነው ባለቤቱ ከአምላኩ የሚፈራው ፍርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ እንግዳን በአምላኩ ጥላ ሥር አስቀመጠው።

ሁለተኛው የፍርድ ነገር ነው። የቦዮቲያው ገበሬ ሄስዮዶስ ከወንድሙ ከፔርሴስ ጋር በአባታቸው ርስት ተካስሶ ነበርና፣ ጉቦ እየበሉ በሚፈርዱ መኳንንት ላይ አምርሮ ይናገራል። ርስት ወንድምን ከወንድም እንዴት እንደሚያጣላ ያየ የአገራችን ገበሬ ይህን ሲሰማ የጎረቤቱን ነገር የሰማ ይመስለዋል። ሄስዮዶስም የሚጽናናው፣ ዜውስ በሰው ልጅ ፍርድ ላይ የሚጠባበቁ 30 ሺህ የማይሞቱ ዘበኞች በምድር ላይ እንዳሉት በማመን ነው። ከዳኛው በላይ ይግባኝ የሚባልበት ሌላ ዳኛ በምድር ላይ ያጣ ሰው፣ ይግባኙን ወደ ሰማይ ያደርጋል። ከዚህ ተረት የምናገኘው የዜውስን ታሪክ ሳይሆን፣ የተበደለ ገበሬን ታሪክ ነው።

ሦስተኛው ግን ከተነገረው ይልቅ ባልተነገረው ይታወቃል። ኦዲሴዎስ ከ20 ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጠላቶቹን ከገደለ ወዲያ፣ በቤቱ ከነበሩት 50 ገረዶች 12ቱ ከጠላቶቹ ጋር ተኝተዋል ተብለው በገመድ ተሰቀሉ። እነዚህ ሴቶች በገንዘብ የተገዙ ወይም በጦር የተማረኩ ባሮች እንደ ነበሩ፣ በቤቱ ውስጥ የሠለጠነውን ጎልማሳ እንቢ ለማለት ሥልጣን እንዳልነበራቸው ተራኪው ቆም ብሎ አያስብም። አሮጊቷ ሞግዚት ኤውሪክሌያ እንኳ በልጅነቷ በ20 በሬ ዋጋ የተገዛች መሆኗ የሚነገረው፣ የገዛትን ጌታ ለጋስነት ለማሳየት ያህል ነው። ስለዚህ ተረት መስታወት ነው ስንል፣ መስታወቱን የያዘው እጅ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን። የያዘው ሰው ወደ ወደደው ያዞረዋልና።

እስከዚህ ድረስ ሚዛናችንን በግሪኮች ላይ አኑረናል። ወደ ራሳችን ስንመለስ የመጀመሪያው ፈተና የሚመጣው በምስጋና በኩል ነው። በኢልያዳ መጀመሪያ ላይ ዜውስ ከአማልክት ሁሉ ጋር ነውር ወደሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሄዶ በ12ኛው ቀን እንደሚመለስ ይነገራል። በኦዲሴያም ጶሲዶን የበሬና የበግ መሥዋዕት ሊቀበል ወደዚያው ሄዶ ሳለ ነው ሌሎቹ አማልክት ስለ ኦዲሴዎስ የሚመክሩት። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ነገር ግን የዜውስ መብረቅ ተረት ነው ባልንበት አንደበት፣ የዜውስ ግብዣ ግን ታሪክ ነው ልንል እንችላለንን? ኢትዮጵያዊ የሚለው ስም በግሪክኛ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ሲሆን፣ ከግብጽ በስተደቡብና በዓለም ዳር ይኖራሉ ተብለው ለታሰቡት ሕዝቦች ሁሉ የተሰጠ ስም ነበር። ሆሜሮስ ከዓለም ዳር ላይ ያኖራቸው ደጋግ ሰዎች የሚነግሩን፣ ግሪኮች በቅርባቸው ያጡትን ቅንነት በሩቅ ይፈልጉት እንደ ነበር ነው። ምስክርነቱ የፈላጊው ነው እንጂ የተፈላጊው አይደለም።

የኢትዮጵያ ንጉሥ የቄፌዎስ ልጅ የአንድሮሜዳ ተረትም እንዲሁ ነው። እናቷ ካሲዮጴያ በውበት ስለ ተመካች ከባሕር አውሬ ተላከ፤ ልጂቱም ለአውሬው መብል ከዓለት ላይ ታሰረች፤ ፔርሴዎስም አውሬውን ገድሎ አገባት። ብዙዎች የጥንት ጸሐፊዎች ይህ ሆነ የሚሉት በፍልስጥኤም ባሕር ዳር በኢዮጴ ነው። ነገር ግን የእኛም አገር ትውፊት፣ አርዌ የተባለ ዘንዶ ሕዝቡን ይገዛ እንደ ነበር፣ ልጃገረዶችም ይገበሩለት እንደ ነበር፣ አንጋቦ የተባለው ሰው ገድሎት እንደ ነገሠ ይተርካል። በሁለቱም አውሬ አለ፤ የምትሰጥ ልጃገረድ አለች፤ አውሬውን ገድሎ ክብር የሚያገኝ ጀግና አለ። ሁለቱም ሥልጣን ከየት መጣ? ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ፤ ገዥው የገዛችሁ ስላዳናችሁ ነው ይላሉ። በሁለቱም ደግሞ የታሰረችው ልጅ ምን እንዳሰበች አይነገርም።

የአክሱም ነገሥታት ከግሪኮች ተረት ጋር የተዋወቁት እንደ እኛ በመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው ንጉሥ ዞስካሌስ የግሪክ ፊደል ያውቅ እንደ ነበር የዚያ ዘመን የባሕር መንገድ መምሪያ ይመሰክራል። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ገልብጦ ባቆየው የድንጋይ ጽሑፍ፣ አንድ ስሙ የጠፋ ንጉሥ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለጶሲዶን መሠዋቱን ይናገራል። በ4ኛው መቶ ዓመት ዒዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስጻፈው ሐውልት፣ በግዕዙ የማሕረም ልጅ የተባለው ንጉሥ በግሪክኛው የአሬስ ልጅ ተብሎአል፤ በግዕዙ ሐበሠት የተባለውም በግሪክኛው ኢትዮጵያውያን ተብሎአል። እነዚያ አባቶች የባዕዱን አምላክ ስም በገዛ አምላካቸው ስም ለመተርጐም አላፈሩም። ማሕረምና አሬስ የአንድ ነገር፣ ይኸውም የጦረኛ መንግሥት፣ ሁለት ስሞች መሆናቸውን ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ፣ ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከ1434 እስከ 1468 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የነገሡት፣ በዚያ ሥፍራ መጋቢት 10 ቀን ብርሃን ከሰማይ ስለ ታየ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ አዘዙ፤ ቤተ መንግሥትም አቆሙ፤ ከመጨረሻዎቹ 14 ዓመታቸው 12ቱን በዚያ ኖሩ። ይህን የከተማው ልጅ ሁሉ ይሰማዋል። ብዙ ጊዜ የማይሰማው ግን ብርሃኑ ከመታየቱ 38 ቀን ቀደም ብሎ የሆነው ነው። ከሥሉስ ቅዱስ በቀር ለማንም አንሰግድም፣ ለንጉሥም ለሥዕልም አንሰግድም ያሉ መነኮሳት፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት፣ በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። ንጉሡም ብርሃኑን ሲያዩ እግዚአብሔር በፍርዳቸው መደሰቱን የገለጠበት ምልክት ነው ብለው ተረጐሙት።

ሪቻርድ ፓንክኸርስት ብርሃኑ በ1456 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን እንደሚችል አስበዋል። ኮከቡ ጐልቶ የታየው ግን በሰኔ ወር ስለሆነ፣ መጋቢት ከሚለው ትውፊት ጋር አይገጥምም። እኔ ግን የጥያቄው ሥር እዚህ ነው ብዬ አላምንም። ምእመን ብርሃኑ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ቢል፣ የሥነ ፈለክ አዋቂም ጅራታም ኮከብ ነው ቢል፣ ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ብርሃኑ ነው። ብርሃኑ የመነኮሳቱን መወገር አጸደቀ የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ብርሃኑ ከሰማይ ታየ፤ ትርጓሜው ግን የመጣው ከቤተ መንግሥት ነው። የተወገሩት ሰዎች ወንድሞች ያንኑ ሰማይ ቀና ብለው ሲያዩ ይህን ትርጓሜ ይሰጡት ነበርን?

ስለ እነርሱ የኦዲሴዎስ ቤት ገረዶች ያላገኙትን አንድ ዕድል መጥቀስ ይገባል። በንጉሡ ወገን የማርያም ጠላቶች ተብለው የተጻፉት እነዚህ መነኮሳት የራሳቸውን ገድል ጽፈው፣ በአጋሜ አውራጃ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም አቆይተውታል። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም ይህን ገድል ወደ አማርኛ መልሰው ለአንባቢ አቅርበዋል። ስለዚህ ዛሬ በደብረ ብርሃን የሚማር ልጅ፣ ከፈለገ፣ ሁለቱንም ወገን ሊሰማ ይችላል። ይህን ማድረግ ንጉሡን ማዋረድ አይደለም። ዘርዐ ያዕቆብ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ለድርሰት ያደረጉት ነገር ታላቅ ነው። ታላቅ ሰው ግን ተጠያቂነት የማይነካው ሰው ማለት አይደለም።

ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አፋር ቈላ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ አንኮበር አለች። ስለ እርስዋ መጻሕፍት ብዙ ይናገራሉ፤ ከ1813 እስከ 1847 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዚያ እንደ ተቀመጡ፣ በ1841 ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሃሪስ ጋር ውል እንደ ተዋዋሉ፣ ምኒልክም በ1865 ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ከተመለሱ በኋላ እንደ ኖሩባት ይጽፋሉ። ስሟ ግን የንጉሥ ስም አይደለም። በትውፊት እንደሚነገረው አንኮ የአንዲት የኦሮሞ እመቤት ስም ነው፤ አንኮበርም የአንኮ በር ማለት ነው። የበሩ ባለቤት ስሟ ቀርቶአል፤ ታሪኳ ግን አልቀረም። አንድ ሕዝብ የቀደመውን ሕዝብ ርስት ሲወርስ ስሙን እንጂ ነገሩን ሁሉ አለመውረሱን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከአንኮበር ሥር ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት ነጋዴዎች ቡናና አሞሌ ጨው፣ ጨርቅም ይለዋወጡ ነበር፤ በዚያ የንግድ መንገድ ሰውም ይሸጥ ነበር። እንግዲህ ስለ ኤውሪክሌያ 20 በሬ ስናነብ፣ ግሪኮች ጨካኞች ነበሩ ብለን መጽሐፉን ልንዘጋው አይገባም። በአገራችን ባርነትን በሕግ ያስቀረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ኤውሪክሌያ ባለቅኔው ስም ስለ ሰጣት ስሟን እናውቃለን። በዚያ መንገድ ከተነዱት ግን የብዙዎቹን ስም የሚያውቅ የለም።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ መሸሽ አይገባም። «ልጆች ይህን ሁሉ ከተማሩ እምነታቸው አይላላምን? የአገር ፍቅራቸውስ አይቀዘቅዝምን?» የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሁሉን ማፍረስ ዕውቀት የሚመስለው ወጣት ይገኛልና። ነገር ግን ለዚህ ቀድሞም መልስ ተሰጥቶአል። በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ለወጣቶች በጻፈው ምክር፣ የአረማውያንን መጻሕፍት ንብ አበባን እንደምትቀስም አድርገው እንዲያነቡ ያስተምራቸዋል፤ ንብ ከሁሉ አበባ አትወርድም፣ ከወረደችበትም ሁሉን አትወስድም። ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ፊሳልጎስንና ቄርሎስን የተረጐሙት አባቶችም ከባዕድ ቋንቋ የሚጠቅመውን መርጦ መውሰድን አልፈሩም። እውነትን በመመርመር የሚላላ እምነት ቀድሞውንም የተደገፈው በዝምታ ነበር። የአገር ፍቅርም እንደዚሁ ነው፤ ልጅ አባቱን የሚወደው ስሕተቱን ሳያውቅ ብቻ ከሆነ፣ ባወቀ ቀን ፍቅሩ ያልቃል።

መጽሐፈ ምሳሌ ሁለት ዓይነት ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ መሆኑን ያስተምራል። ይህ ትእዛዝ ለእህልና ለጨው ነጋዴ ብቻ የተሰጠ አይመስለኝም። የሌላውን ተረት ተረት፣ የራሱን ተረት እውነት ብሎ የሚያስተምር መምህር በሁለት ሚዛን ይነግዳል። የራሱን ንቆ የባዕዱን ብቻ የሚያከብር፣ የዜውስን ግብዣ የሚያደንቅና በአርዌ ተረት የሚያፍር የተማረ ሰውም እንዲሁ በሁለት ሚዛን ይነግዳል። የመጀመሪያው በትዕቢት ያጋድላል፤ ሁለተኛው በሐፍረት።

እንግዲህ መምህሩ ለተማሪው እንዲህ ቢመልስለት መልካም ይመስለኛል፤ «ልጄ፣ ስለ ሁለቱም ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን። ማን ተረከው? በምን ችግር ወይም በምን ፍላጎት ተረከው? በተረቱ ውስጥ ሳይናገር የቀረው ማን ነው? ማመንና አለማመን የልብህ ነው፤ እነዚህን ሦስቱን መጠየቅ ግን የትምህርትህ ግዴታ ነው።» ተማሪው ይህን ይዞ ከሄደ፣ የግሪኮችን ተረት ሲያነብ ለ12ቱ ገረዶች ያዝናል፤ በከተማው መንገድ ሲሄድም ለተወገሩት መነኮሳት ያዝናል፤ ወደ አንኮበር ሲወርድም ስለ አንኮ ይጠይቃል።

በአገራችን ተረት ተናጋሪ ሲጨርስ ተረቴን መልሱ ይላል። የተቀበልነውን ተረት የምንመልሰው እንዳለ በመድገም ብቻ አይመስለኝም። በውስጡ ዝም ያሉትን ጠይቀን ከነእነርሱ ብንመልሰው፣ ለተረኩልንም ለሚከተሉንም ዕዳችንን ከፈልን ማለት ነው።